ከመንገዱ ማዶ ያለችው ለታይ

ከደሴ የወጣሁበት ሌሊት ይዘንብ ነበር። ታክሲው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደጃፋችን ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀኛል፤ አባዬ ግን ሻንጣዬን ይዘው አለቅም አሉ። “በሉ አባዬ፣ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል” ስላቸው፣ “ቆዪ ዱዓዬን ልጨርስ” ይላሉ። ዱዓው አያልቅም። በመጨረሻ ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ “ሂጂ ዘሃርዬ፣ አሏህ ከደግ ሰው ያገናኝሽ” አሉኝ። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር ከተማዬን ዞሬ እንኳ ማየት አልቻልኩም።

የታሪክ መምህርት ነበርኩ። ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ወንበርም መስኮትም አልተረፈለትም። ታናሽ ወንድሜ ከድር ያኔ ዘምቶ እስካሁን ድምፁን አልሰማንም። እኔም እንደ ብዙዎቹ የወሎ ሴቶች በኮንትራት ቤሩት ገባሁ።

ኤርፖርት ላይ ፖሊሱ ጠየቀኝ። “ሥራሽ?”

“የታሪክ መምህርት።”

ዐረብኛዬ ቁርዓን ቤት የቀራሁት ነው። ገበያ መሃል በግዕዝ እንደሚናገር ሰው ሳልሆንበት አልቀረሁም፤ ባልደረባውን ጠርቶ አስደገመኝ።

“የየት አገር ታሪክ?”

“የዓለም። የእናንተም የእርስ በርስ ጦርነት አለበት።”

“የኛን በስንት ገጽ አስተማርሽው?”

“በአንድ ገጽ።”

“የታደሉ ተማሪዎች!” አለና ሳቀ። ፓስፖርቴን ግን ለእኔ አልመለሰልኝም፤ ለአሠሪ ነው የሚሰጠው አለኝ።

አሠሪዬ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አምባሳደር ናቸው። ግድግዳው ሁሉ ፎቶግራፍ ነው፤ በየአገሩ፣ በየሆቴሉ፣ ሲደራደሩና ሲያደራድሩ። ጠዋት ጠዋት ላብነ የሚሉትን አይብ መሳይ ነገር በዘይት አጥለቅልቀው ይበላሉ። እኔ በበርበሬ ያደግሁት ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ ምራቄን እውጣለሁ። ሙቀቱ እንደ ባቲ ቆላ ነው፤ ባሕሩ ሲጨመርበት ልብስ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። የጦሳ ተራራችን ብርድ በሕልሜ ይመጣብኛል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የመጀመሪያ ቀን፣ “ከማዶ ካለው ቤት ጋር ሰላምታ የለንም” አሉኝ።

“ለምን ሚስተር?”

“ወንድሜ ነው።”

በጦርነታቸው ዘመን በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል መስመር ነበር። አንዱ ወንድም ከአንዱ ፓርቲ፣ ሌላው ከተቃራኒው ቆሙ። ጦርነቱ አልቆ መንገዱ ሲከፈት ሁለቱ ፊት ለፊት ቤት ገዙ። ገዝተውም ተኳረፉ።

ልብስ ላሰጣ ብወጣ ከማዶ በረንዳ ላይ አንዲት ልጅ ስታሰጣ አየሁ።

“ሐበሻ ነሽ?” አለችኝ።

“አዎ። ከደሴ። አንቺስ?”

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ፣ “ከመቀሌ” አለች።

ሁለታችንም ያላሰጣነውን ልብስ ይዘን ገባን።

ብዙ ጊዜ ሳንነጋገር ቆየን። ረመዳን ገባ። በእኛ ቤት በኩል አዛን አይሰማም፤ ስልኬ ተበላሽቶ ሰዓቱን በግምት ነበር የምጠብቀው። አንድ ምሽት ልጅቷ በረንዳዋ ላይ ብቅ ብላ፣ “አዛን ብሏል! በጓሮ መስኮት ሰማሁት። አፍጥሪ እንጂ!” ብላ ጮኸችልኝ። ተምር አፌ ውስጥ ሆኖ እንባዬ መጣ። ወሩን ሙሉ ጠራችኝ። ስሟ ለታይ ነው። የመቀሌ ስልክ ተቋርጦ እናቷን ማግኘት አልቻለችም። ወንድሟ ሃፍቶምም ዘምቷል፤ በወዲያኛው በኩል። ወንድሞቻችን ይተኳኮሱ እንደሁ አንዳችንም አናውቅም፤ አንዳችንም አልጠየቅንም።

የእኛ ሰላም የተፈረመ ዕለት አምባሳደሩ ቴሌቪዥኑ ፊት ጠርተው አስቀመጡኝ።

“መፈረሙ ቀላሉ ነው” አሉ። “እኛ ስንጨባበጥ ፎቶ አንሺው አላማረኝም ብሎ አስደግሞናል።”

“እና ከወንድምዎ ጋር ማን ያጨባብጣችሁ ሚስተር?”

ቆጣ ይላሉ ብዬ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ብቻ ተነሡ።

ብርዱ ሲገባ አንድ ጠዋት ለታይ ከበረንዳዋ ጮኸች። “ዘሃራ! ሚስተር ኤልያስ መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል! ብቻዬን አልቻልኩም!”

ወንድማቸው መውደቃቸውን ለአምባሳደሩ ነገርኳቸው። ጫማቸውን ፈለጉ፤ ተዉት። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረዱ። መንገዱን ሲሻገሩ ክንዳቸውን ይዣለሁ።

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተዘርረው ነበር። ቀና ብለው አምባሳደሩን አዩአቸው።

“አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“ወፍረሃል።”

አምባሳደሩ በጉልበታቸው ተንበርክከው የወንድማቸውን ራስ ታቀፉ። እኔና ለታይ በሩ ላይ ቆመን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ያዝኩት፤ በሳሙና የሻከረ፣ እንደ እኔው እጅ።

ዛሬ ሚስተር ኤልያስ በከዘራ ይሄዳሉ። ሁለቱ ማታ ማታ ስለዚያው ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ፤ ግን በአንድ ክፍል ነው። የመቀሌም ስልክ ተከፈተ። የለታይ እናት ደህና ናቸው። ሃፍቶም ግን አልተመለሰም።

ባለፈው ጁምዓ በረንዳው ላይ ሆኜ ለአባዬ ደወልኩ።

“የከድር ነገር?”

“የለም ልጄ።”

ስለ ለታይ ነገርኳቸው፤ ከየት እንደሆነች፣ ወንድሟም እንዳልተመለሰ። መስመሩ ይቆራረጣል።

“ስሙ ማነው?” አሉ።

“የማን?”

“የወንድሟ። ለከድር ዱዓ ሳደርግ እሱንም ልጥራው።”

“ክርስቲያን ነው እኮ አባዬ።”

“እሱን መች ጠየቅሁሽ? ስሙን ንገሪኝ። ኔትወርኩ አያሰማም፣ ጮክ በይ!”

“ሃፍቶም!” አልኩ። “ሃፍቶም!”

ከማዶ በሩ ተበርግዶ ለታይ በባዶ እግሯ በረንዳው ላይ ወጣች። የብረት አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ “ተገኘ?” አለችኝ፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ፣ “አባዬ ዱዓ ሊያደርጉለት ነው” አልኳት።