የክለቡ መርዶ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ዱባይ ውስጥ መስኮት ከፍቶ መተኛት በሚቻልባቸው ጥቂት ቀዝቃዛ ወራት ነው። ሰው ስለሞተ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አይከተለኝም ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ሞቶብኛል። የሚከተለኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው የእናቱን ሞት ሳያውቅ ለሌላ ነገር ሲያለቅስ አጠገቡ ተቀምጬ ማየቴ ነው።

ሰውየው ዳኛቸው ይባላል። የደሴ ልጅ ነው። ካራማ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተጋርተን እንኖራለን። እኔ ቀን ቀን አንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት እጽፋለሁ። እሱ ያን ጊዜ ቡር ዱባይ ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነበር።

ኳስ አልወድም። ለማያውቀው የእንግሊዝ ቡድን ብሎ ከወንድሙ ጋር የሚኳረፍ ሕዝብ መካከል አድጌም አልለመደብኝም። የዳኛቸው በሽታ ግን ለየት ያለ ነበር። የእንግሊዝ ጨዋታ በሚታይበት ሰዓት እሱ ወይ ተኝቷል ወይ ከረባት አስሮ ሥራ ላይ ቆሟል። እሁድ ጠዋት ሥራ ጨርሶ ሲገባ የአውሮፓ ኳስ አልቋል። አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ግን ገና ቅዳሜ ማታ ነው። እናም እዚያ ያለ አንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ስልኩ ላይ አገኘ። ስሙን አልጠቅስም፤ ብጠቅሰውም አታውቁትም።

እኛ ቤት የዚያን ክለብ ታሪክ ሳይሰማ ሻይ ጠጥቶ የወጣ እንግዳ የለም። የመሠረቱት የአንዲት የወደብ ከተማ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ዳኛቸው ገና ዳዴ ሲል። ሜዳ ስላልነበራቸው የቤዝቦል ሜዳ ተከራዩ፤ አንዱ ጥግ ሣር የለውም፣ ተጫዋቹ እዚያ ሲደርስ አቧራ ይነሳል። አንድ ባለሀብት ገዝቷቸው ስማቸውን ለወጠ። ደጋፊው የድሮው ስም እስኪመለስ ድረስ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ደግሞ በጥሎ ማለፍ ከትልቁ ሊግ የመጣ ቡድን አሸነፉ። ጎሉን ያገባው ቀን ቀን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ተከላካይ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ተሸነፉ።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሻምፒዮን ሆነህም ወደ ላይ አትወጣም፤ መጨረሻ ሆነህም አትወርድም። ይባስ ብሎ የሚጫወቱበት ሊግ ራሱ በየጊዜው ይፈርሳል። ሊጉ ሲፈርስ እነሱ ሌላ ሊግ ፈልገው ይቀጥላሉ።

"ይኼ ክለብ አይደለም" እለው ነበር። "የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አይወጣ፣ አይወርድ፣ አይዘጋ!"

"እኔስ?" ይለኛል ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። "ከሪሴፕሽን ወዴት ወጣሁ?"

ከዚህ ክለብ ጋር አብረውት የኖሩት እናቱ ብቻ ነበሩ። አርብ አርብ ደሴ ሲደውል፣ ከጤናና ከኑሮ ቀጥሎ "ምስኪኖቹስ? ቀናቸው?" ብለው ይጠይቁታል። ኳስ ምን እንደሆነ በቅጡ አያውቁም። ልጃቸው በሰው አገር የያዘው ነገር ስለሆነ ብቻ በጸሎታቸው ያስገቡታል።

ከዚያ ዳኛቸው ታመመ። የልቡ አንድ በር በትክክል አይዘጋም ተባለ፤ ኦፕራሲዮን እስኪደረግ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ እንዳይደነግጥ አደራ ብሏል። እሱ ተራውን ሲጠብቅ እናቱ ደሴ ላይ በድንገት አረፉ።

የደወሉልኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። የእናቱ ጎረቤት የነበሩ ሴት ናቸው። ሻርጃ ውስጥ ለአንዲት ማዳም ለብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ አሁን አጅማን ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። በእኛ መካከል ሞትም ልደትም በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። በማግሥቱ ቤታቸው ተሰበሰብን።

"ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አሉ። "ኸላስ፣ አለቀ።"

እኔ ይህን ልማድ አልወደውም፤ ጽፌበትም አውቃለሁ። ትልቅን ሰው እንደ ሕፃን አታሎ፣ አንድ ቀን በማለዳ በሩን ከቦ መርዶ ማርዳት ለእኔ ደግነት አይደለም።

"እትዬ፣ እናቱ ናቸው። የማወቅ መብት አለው።"

"መብት? ልቡን ነው እኮ የሚከፍቱት! መብቱን አንተ ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ዋላሂ፣ በማርያም፣ አንዲት ቃል ብታመልጥህ ደሙ ባንተ ላይ ነው።"

ማርያምን ከዋላሂ ጋር አስተባብሮ ከሚምል ሰው ጋር ክርክር የለም። ሁሉም ከእሳቸው ጋር ሆነ። የሐዘን መልእክት እንዳይደርሰው ስልኩን "ቻርጅ አልያዝ ብሏል" ብለው ወሰዱት። ደሴ ያለችው እህቱ በእትዬ ስልክ ስታነጋግረው "እማዬ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" እንድትል ተነገራት። ጠበል ጥሩ ምክንያት ነው። ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ አይታወቅም፣ ማንም ደፍሮ ለምን አይልም።

እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ልነግረው ወስኜ ነበር። ሜትሮ ላይ ሆኜ ቃላቱን ሳማርጥ፣ መግቢያ ወሬ እንዲሆነኝ ብዬ ስለ ክለቡ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። የውድድር ዘመኑ አልቋል። ክለቡም አልቋል። ባለቤቶቹ መክፈል አቅቷቸው መዝጋታቸውን የዚያኑ ቀን አስታውቀዋል። ይሄንንስ ማን ይነግረዋል ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ሆስፒታሉ ስደርስ እትዬ ዘነበች ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት እየተቆጡ ነው። ሴትየዋ የዳኛቸው የአገሩ ልጅ ናት፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አጣፍታ ገብታለች። እጇ ለምዶ እንጂ ተንኮል የላትም። እትዬ ነጠላዋን ገፈው እያዞሩ "አንቺ ሴት፣ ራስሽ መርዶ ሆነሽ መጣሽ!" ይላሉ። እኔ የክፍሉን በር ሳየው ክፍት ነበር። ዳኛቸው ትራሱን ተደግፎ ያየናል።

"ግባና በሩን ዝጋው" አለኝ። ዘጋሁት። "ተቀመጥ። አንተ መዋሸት አትችልም። ሰው የማይወድህም ለዚሁ ነው።"

ተቀመጥኩ።

"ምንድነው የደበቃችሁኝ? የዚያችን ልጅ ነጠላ አይቻለሁ። እትዬ ሾርባ ሲያጠጡኝ ዓይኔን አያዩም። ጠያቂ ይመጣል፣ መሬት መሬት ያያል፣ ይሄዳል። ማን ሞተ?"

ያዘጋጀሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ከራስጌው ያለው የልብ ምቱን የሚቆጥር መሣሪያ ፈጠን ፈጠን እያለ መጮህ ጀመረ። ዓይኔን ከመሣሪያው ማንሳት አልቻልኩም። ስለ መብት የጻፍኩት አንድም ነገር አልታወሰኝም።

"ክለቡ" አልኩት።

"የቱ ክለብ?"

"ያንተ ክለብ። ፈርሷል። ዛሬ አስታወቁ።"

ስልኬን ሰጠሁት። አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ትራሱ ላይ ወደ ኋላ ወደቀና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ተመስገን" አለ። "ተመስገን አምላኬ። እማዬ መስላኝ ነበር።"

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አለቀሰ፤ ያውም እንደ ሰው ሞት፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። "ስንት ሊግ ሲፈርስ እነሱ ተረፉ እኮ" ይላል። "ስማቸውን ሲቀሙ አስመለሱ። አሁን እንዲህ በቀላሉ?" እጁን ያዝኩት። የመሣሪያው ጩኸት ቀስ በቀስ ረገበ።

"ለእማዬ አሁን እንዳትነግሯት" አለኝ ፊቱን በአንሶላው እየጠረገ። "ከጠበል ስትወጣ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ስትጸልይላቸው የኖረች ሴት ናት፣ ትደነግጣለች።"

እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው የገቡት ይሄኔ ነው። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እጁን ይዣለሁ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እኔን ያዩበትን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። አፋቸውን ሲከፍቱ ሊያመልጣቸው ነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

"ስለ ክለቡ ነው፣ እትዬ! የኳስ ክለቡ ፈርሶ ነው። እሱን ነው የነገርኩት።"

ቆመው ቀሩ። አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ማልቀስ ጀመሩ። ያን ሁሉ ቀን ሾርባ ሲያመላልሱ ለጎረቤታቸው አንድ እንባ ማፍሰስ አልቻሉም ነበር። አሁን ፈቃድ አገኙ። ድምፃቸውን ውጠው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዙ አለቀሱ።

ዳኛቸው ግራ ገብቶት እንባውን ጠረገ። እጁን ዘርግቶ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

"አይዞዎት፣ እትዬ። ክለብ ነው እኮ። አይዞዎት።"

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። እትዬ አጅማን ወስደው አስታመሙት። ሐኪሙ አሁን ማወቅ ይችላል ባለ ሰሞን፣ እንደ ልማዱ በማለዳ ሄድን። ዳኛቸው ከመኝታው ሲወጣ ሳሎኑ በዝምተኛ ሰው ተሞልቶ አገኘው። ማንም ቃል ሳይናገር ገባው። ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለ ሳሎን አይቷል።

ደረቱ ገና አልጠናም። ሲያስል የሚታቀፈው ትራስ ነበረው፤ እሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ተቀመጠ። ሴቶቹ አለቀሱ። እሱ ቢፈልግም ማልቀስ አይችልም፣ ያመዋል። ትራሱን እንደያዘ መቼ እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ ነገሩት። ከዚያ ከሰዉ መካከል እኔን በዓይኑ ፈለገ።

"ያን ቀን ተቀብራ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ተመስገን አልኩ።"

"አላወቅክማ፣ ልጄ" አሉት እትዬ። "ምን አወቅክና!"

"ተመስገን አልኩ" አለ እንደገና፤ ለእሳቸው አይደለም፣ ለእኔም አይደለም።

ዳኛቸው ዛሬ ደህና ነው። ሐኪም የሌሊት ሥራ ስለከለከለው ቀን ይሠራል። ማታ ማታ የፈለገውን የእንግሊዝ ጨዋታ ማየት ይችላል፤ አያይም። አርብ ደሴ ይደውላል፣ ከእህቱ ጋር አጭር ያወራል። ስለ ሆስፒታሉ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ወቅሶኝም አመስግኖኝም አያውቅም፤ ከሁለቱ አንዱን ቢያደርግ ይቀለኝ ነበር። እኔ ልማዱን አሁንም አልወደውም። ግን እውነቱን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይኖር ነበር ወይ ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም፤ መልስ በማጣት ደግሞ ልምድ የለኝም።

በቅርቡ ስለዚያ ክለብ አንድ ነገር አነበብኩ። ደጋፊዎቹ ተሰብስበው ከሁሉም በታች ባለው ሊግ፣ በድሮው ስም፣ በዚያው አቧራማ ሜዳ ሊያቋቁሙት ነው። እዚያ አገር ክለብ ሲሞት መጨረሻው አይደለም፤ ስሙን የሚያነሳ ሰው ካለ ይነሳል። ደስ ብሎኝ ነበር። ስልኬን ይዤ ወደ ዳኛቸው ክፍል ሄድኩ። ለነገ ሥራ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘሁት።

ቀና ብሎ ፊቴን አየና ካውያውን አቆመው። "ምነው? ምን ተፈጠረ?"

"ምንም" አልኩት።