ልጄ ያስቀባችብኝ ግድግዳ

ጥፋተኛዋ ልጄ አለምነሽ ናት። ዛሬ ወጡን እሳት ላይ ረስቼው ድስቱ ከሰል ሆነ፤ ቤቱ በጭስ ታፈነ።

ከታመምኩ ወዲህ እረሳለሁ። ስለዚህ የቀኑን ሥራዬን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፌ ነበር፦ ፀሐይ ሳትበረታ ውኃ ቅጂ፣ በልተሽ ክኒን ዋጪ፣ እሳት አጥፊ፣ ከዚያ ማንጎው ሥር አረፍ በይ። በእሱ እየተመራሁ አሶሳ ላይ ብቻዬን ኖሬአለሁ።

ትናንት ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ እኔ የቤቱን ቁልፍ ትቼላት ገበያ ስሄድ ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀባችው። «እማዬ፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል፤ የሕፃን ሙንጭርጭር ይመስላል» አለችኝ።

ለሰፈራ ሲያመጡን በካድሬ ደወል እነሳ ነበር፤ ሳገባ ደግሞ በባሌ ቁጣ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የራሴ የምለውን ቀን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ዛሬ ጭሱን አይታ፣ «አየሽ? ብቻሽን መኖር አትችዪም፤ ባምባሲ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» አለች።

ቀለሙስ ለአንድ ቀን አምሮ ነበር፤ ጭሱ አጠቆረው እንጂ።

እናንተስ፣ ልጆቻችሁ ሊረዷችሁ መጥተው ምን አጠፉባችሁ? ጻፉልኝ።

እኔ ባምባሲ አልሄድም። የቤቴን ቁልፍ ደግሞ ከእንግዲህ ለልጅም ቢሆን አልሰጥም።