የዳይሬክተሩ ጥማት

የሱሪያ ቤተሰብ ከድሬዳዋ መጥቶ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይነግዳል፤ ሱሪያ ግን የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆነች።

አንድ ቀን የሙሙትን፣ ማለትም በውሃ የሟሟ ነገርን፣ ጥንካሬ በቀለም መለየት ልታስተምር፣ ቀይ ሽሮፕ አንዱን ከሌላው እያቀጠነች በአራት ብርጭቆ በጠበጠች። ተማሪዎቹ ከአራቱ ጋር አመሳስለው ጥንካሬውን የሚለዩለት አምስተኛ ብርጭቆም አስቀመጠች።

ዳይሬክተሩ ዘይድ ላብ አጥምቋቸው ገቡና አምስተኛውን አንስተው ጭልጥ አደረጉት።

«ሞስዬ ዳይሬክተር፣ እሱ እኮ ያልታወቀው ሙሙት ነው!» ብላ ጮኸች።

ዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተዘረሩ። «ሚስቴን ጥሩልኝ!»

«አይዞዎት፣ ሽሮፕ ነው።»

ቀና ብለው ከንፈራቸውን ላሱ፤ ከዚያ አራቱንም ቀመሱ። «እንደ ሦስተኛው ነው» አሉ በኩራት።

«ተሳስተዋል፤ እንደ ሁለተኛው ነው።»

ዳይሬክተሩ አልተቀበሏትም። ላረጋግጥ ብለው ሁለተኛውንም ጨረሱት።