ኑሩን ጭነን ወደ ናዝሬት የተጓዝንበት ሌሊት

ትናንት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስልኬ ጮኸ። ኑሩ ነው። እንዴት አመሸህ የለ፣ ልጆች ደህና ናቸው የለ፣ ቀጥታ «ግርማ፣ ተቀበሉኝ» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ይህችን ቃል ከኑሩ አፍ ስሰማ በዕድሜዬ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ለምን ብድግ እንዳልኩ የሚገባችሁ ግን ወደ ጉርምስናችን፣ ወደ አንዲት የሰኔ ሌሊት ከተመለስኩ ብቻ ነው።

ያኔ የመርካቶ ልጅ ብስክሌት መንዳት የሚማረው በኪራይ ነበር። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው «በቃ ተራዬ ነው!» እያለ ከኋላ ይሮጣል። ኑሩ ግን ለብቻው የተፈጠረ ልጅ ነበር። ምን አለሽ ተራ እየዞረ ቁርጥራጭ ብረት ለቃቀመ፣ ቱቦውን አስበየደ፣ ቀጭን ጎማ ከየትም ከየትም አፈላለገና የውድድር ብስክሌት ሠራ። መልኩ አያምርም፤ ሲሮጥ ግን አቤት! ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዳገቱን ሲወጣ የታክሲ ረዳቶች በመስኮት ወጥተው ያጨበጭቡለት ነበር።

አባቱ ጋሽ ይማም ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቁጡ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ናዝሬት ውስጥ አንድ የፋብሪካ ቡድን እሁድ ጠዋት ውድድር አዘጋጅቶ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ሊቀጥር ነው የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ኑሩ አባቱን ለመነ። «እሺ ሂድ» አሉት። «ካልወሰዱህ ግን ከሰኞ ጀምሮ ስፌት መኪናው ፊት ትቀመጣለህ። ከዚያ ወዲያ ብስክሌት የሚባል ነገር እዚህ ቤት አልሰማም።» ጋሽ ይማም ደግሞ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

ሦስት ነበርን ከእሱ ጋር የምንሄደው። አንዱ እኔ። ሁለተኛው ሸምሱ፣ አባቱ በርበሬ በረንዳ መጋዘን ያላቸው፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ሦስተኛው ደጀኔ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ጭነት ተሸካሚ የነበረ፣ ትከሻው የበር መዝጊያ የሚያህል። በሸምሱ አጎት የጭነት መኪና ቅዳሜ ከሰዓት ልንሄድ ተስማምተን ነበር። ልንነሳ ስንል ካምቢዮው ተሰበረ። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲሳደብ መሸ፤ አውቶቡስም የለም።

«ነድቼ እሄዳለሁ» አለ ኑሩ።

«አብደሃል እንዴ?» አለ ደጀኔ። «ሌሊቱን ሙሉ ነድተህ ጠዋት በየትኛው እግርህ ልትወዳደር ነው? አንተ ዕቃ ነህ። እንጭንሃለን።»

እንደ ቀልድ ሰምተን ሳቅን። ደጀኔ ግን አልሳቀም። ሁለት ጠንካራ የኪራይ ብስክሌት አመጣን። አንደኛው ላይ ኑሩ ከኋላ ይጫናል፣ ሁለተኛውን ሌላው ይነዳል፣ የኑሩን ብስክሌት ደግሞ ከጭነት የወረደው ሰው እያረፈ ይነዳል። ደጀኔ የተሸካሚዎችን ሕግ ነገረን። የደከመው «ተቀበለኝ» ይላል። «ተቀበለኝ» ያለ ሰው ለምን አይባልም፣ ቆይ አይባልም። «ዕቃ ደግሞ አይናገርም» ብሎ ወደ ኑሩ ዞረ። «ቀስ በሉ፣ ፍጠኑ፣ ደከማችሁ፣ አወረዳችሁኝ የለም። ገባህ?» ኑሩ ራሱን ነቀነቀ።

ሰማዩ ጠቁሯል። ለራሳችን ላስቲክ ቀደድን። ለኑሩ ግን እንዳይበርደው ሸምሱ ከአባቱ መጋዘን ሁለት ኬሻ አመጣ፤ አንዱን ለጭንቅላቱ ማስገቢያ በስቶ ከላይ አለበሰው፣ አንዱን እንደ ጋቢ አከናነበው። «ወላሂ በደንብ አራግፌዋለሁ» አለ። ማናችንም ምንም አልሸተተንም። በርበሬ በረንዳ ሥር ያደገ አፍንጫ በርበሬን ከየት አውቆ!

ቃሊቲ ሳንደርስ ወረደብን። ዝናብ አይደለም እሱ፣ መዓት ነው! ከአቃቂ ማዶ በረዶ ጨመረበት። ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የዋልካ ጭቃ ከእግር እስከ ራስ ይለቀልቀናል። ፍሬን ቢይዙት አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ በረባሶአችንን ከጎማው ጋር እያፋተግን ነው ያቆምነው። ግን ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያች ሌሊት ደስ ብሎኝ አያውቅም! ደጀኔ መርካቶ መሀል ያለ ይመስል «መንገድ! መንገድ! ዕቃ አለ!» እያለ ባዶ ጨለማ ላይ ይጮሃል። ሸምሱ ይዘፍናል፣ ግጥሙ ሲጠፋው ይሳደባል። እኔ ጭነቱ ሲደርሰኝ ጭኔ እሳት ሆነ፤ ከኋላዬ የኑሩን ትንፋሽ እየሰማሁ፣ ይህ ልጅ ሰኞ ስፌት መኪና ፊት አይቀመጥም እያልኩ እገፋለሁ። «ተቀበለኝ!» ስል ሸምሱ ዘሎ ይወርዳል፤ አንድም ጊዜ ቆይ አላለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞን ነበር። ኑሩን የጫነ ሁሉ ያስነጥሰዋል። ደጀኔ ተነስቶ ሸምሱ ሲተካ የደጀኔ ማስነጠስ ይቆምና የሸምሱ ይጀምራል። ብርድ መትቶን ነው አልን።

ሞጆ ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ጎሕ ሲቀድ ነበር። ከዳቦ ቤት ትኩስ ሽታ ይመጣል፤ ሆዳችን ጮኸ። ኑሩን አወረድነውና ኬሻውን ገለጥነው። በስመ አብ! አንገቱ የተላጠ ቲማቲም መስሏል። ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። በኬሻው ቃጫ ውስጥ የቀረው በርበሬ በዝናቡ ረጥቦ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድበት አድሯል። ሸምሱ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ዕቃ አይናገርም አላላችሁም?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናንተ ስታለከልኩ እየሰማሁ አንገቴን አቃጠለኝ ልበል እንዴ?» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ሻይ ቤት የከፈቱ ሴትዮ እያዩን ኖሮ የእርጎ ቅል ይዘው እየሮጡ መጡ። «እናንተ ጉዶች! በርበሬ ለወጥ ነው እንጂ ለአንገት ነው ያላችሁ ማነው?» እያሉ አንገቱንም ፊቱንም በእርጎ ለቀለቁት። እኛን ደግሞ ትኩስ ዳቦ በሻይ አበሉን። የዚያን ዳቦ ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ናዝሬት ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ደረስን። መዝጋቢው ሰውዬ የኑሩን ዓይን አይቶ «ይሄ ልጅ ጠጥቷል እንዴ?» አለ። ደጀኔ «ጌታዬ፣ በርበሬ ነው» ሲለው ምን እንደተባለ ሳይገባው መዘገበው። ውድድሩ ተጀመረ። እኛ ሦስታችን ቆመን መሄድ አልቻልንም፤ የኑሩ እግር ግን ትኩስ ነበር። በግማሽ ዓይን እያየ ነዳ። መጨረሻው ላይ ሦስት ሆነው ሲመጡ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሸምሱ «ሁለተኛ! ሁለተኛ ወጣ!» እያለ አንገቴ ላይ ሲጠመጠም ነው የገለጥኩት። አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ!

ያኔ የጀመረው ሥራ እስከ ጡረታ አደረሰው፣ ልጆች አሳደገበት። አንድ ነገር ግን አልተወውም። ሲታመም፣ ሲቸገር፣ ባለቤቱን ሲቀብር እንኳ «ተቀበሉኝ» ብሎ አያውቅም። አምና ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ የሰማነው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው። ሸምሱ በዚህ ተናዶ ወር ሙሉ አኩርፎት ነበር።

ለዚህ ነው ትናንት ብድግ ያልኩት። እሁድ የልጅ ልጁ ሐያት ለመጀመሪያ ጊዜ በብስክሌት ትወዳደራለች። መንገዱ ለውድድሩ ስለሚዘጋ መኪና ወደ መጨረሻው መስመር አይጠጋም፤ ሽቅብ ነው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩም ኮብልስቶን ላይ አይሄድም። «ስትገባ ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ።

ለደጀኔ ደወልኩ። ጉልበቱ ከታመመ ቆይቷል፤ «መጀመሪያ ማን ይሸከማል?» ብቻ ነው ያለኝ። ሸምሱ ደግሞ ሳልጨርስለት «ሁለት ጎረምሳ ከሱቅ ይዤ እመጣለሁ፣ እኔም ተራዬን አልለቅም» አለ። መልሼ ለኑሩ ደወልኩ።

«ከነወንበርህ በተራ እንሸከምሃለን» አልኩት። «ሕጉን ግን ቀይረነዋል። ዕቃው ይናገራል። ካመመህ ትጮሃለህ።»

ዝናቡ በእሱም በእኔም ስልክ ውስጥ ይሰማል። የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ።

«እሺ፣ ከአሁኑ ልናገር» አለኝ። «ሸምሱ ኬሻ እንዳያመጣ።»