ወንበር ላይ የተቀመጠችው ቀይ ሸሚዝ

በመድረክ አልባሳት ሥራ የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ሐዋሳ፣ ጣሪያው በሚያፈስ አንድ የባህል አዳራሽ ውስጥ ነው። አለቃዬ ጋሽ ማቴዎስ አንድ ጆንያ አሮጌ ልብስ ፊቴ ዘረገፉና መቀስ አቀበሉኝ። "መድረክ ላይ የሚወጣ ሁሉ ጨርቅ ነው" አሉኝ። "የንጉሥም ይሁን የለማኝ፣ በተዋናዩ ልክ ካልሆነ ቁረጠው። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ።" የዚያን ዕለት የአንድ ዳኛ ካፖርት ቆርጬ የዘበኛ ኮት አደረግሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያ መመሪያ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ጆሃንስበርግም ይዤው መጣሁ። ሜይፌር በሚባለው ሰፈሯ መጋረጃ እየሰፋሁ እኖራለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓትና ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የቴአትር ቡድን የአልባሳት ኃላፊ ነኝ። ማዕረጉ ትልቅ ይመስላል፤ በሥሬ ያሉት ግን አንድ የስፌት መኪና፣ ሁለት የልብስ መስቀያና አንድ ካውያ ናቸው።

ወረርሽኙ ሲገባ አዳራሹ ተዘጋ። ሲከፈት ከሃምሳ ሰው በላይ እንዳይገባ ታዘዝን። ተዋናዮቹ ማስክ አድርገው ስለሚለማመዱ ማን እንደሚናገር የምናውቀው እጁ ሲወናጨፍ ነው። እኔም አንዱ የለበሰውን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሳልሰቅል ለሌላው አልሰጥም ነበር።

አዘጋጃችን ብርሃኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። በዚያ ሰሞን አዲስ ተውኔት ይዞ መጣ። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት እዚህ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ሰባኪዎች ከነጮቹ ሚሲዮን ወጥተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ "ኢትዮጵያ" ብለው ሰይመዋት ነበር። ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም፤ ስሟን ያገኙት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ተውኔቱ ስለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነበር። በነጭ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ የሆነ፣ በዚያችው ሐሙስ ተሰብስበው የሚጸልዩ ሴቶች።

"እኛ እዚህ ለመኖሪያ ወረቀት ስንሰለፍ ስማችን ቀድሞን ደርሶ ኖሯል!" አለች ሰላም። ሰላም ዋናዋ ተዋናይ ናት፤ ቮስሎሩስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ከባሏ ጋር ሱቅ አላት። ታሪኩን ያመጣችውም እሷ ናት። የነገሯት ደንበኛዋ ማ ቶኮ ናቸው፤ ማ እናት ማለት ነው፤ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ሥራ የጨረሱ፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር አባል።

አንድ ቅዳሜ ብርሃኔ በላስቲክ የተጠቀለለ ቀይ ሸሚዝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ነጭ ሰፊ አንገትጌ ያለው፣ በደንብ የተተኮሰ ነው።

"ማ ቶኮ ለስብሰባው ትዕይንት ብለው ሰጡኝ። ለሰላም ልክ አድርግላት፣ ጋሽ ደሳለኝ።"

ሸሚዙ ለትልቅ ሴት የተሰፋ ነው፤ ሰላም ደግሞ ቀጭን ናት። የተዋሱትን ልብስ ሳይቆርጡ በክር ጠለፍ ጠለፍ አድርገው ነው ልክ የሚያደርጉት፤ የሰጡንን ግን እንቆርጣለን። ይኼኛው የተሰጠን መሰለኝ። ስፌት ቤቴ ወስጄ ከግራና ከቀኝ ጎኑ አራት አራት ጣት ቆርጬ ጣልኩ። የጠየቅሁት የሰላምን ወገብ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ማ ቶኮ ልምምድ ሊያዩ መጡ። ሰላም ሸሚዙን ለብሳ ስትወጣ ከወንበራቸው ተነሡ።

"አውልቂው" አሉ።

ልምምዱ ቆመ። ሰላም ማስኳን እንዳደረገች በዓይኗ ትፈልገኛለች።

"በእኛ ዘንድ ይህን ገዝቶ የሚለብስ የለም" አሉ ማ ቶኮ። "ዓመት ሙሉ ትፈተኛለሽ፤ ከዚያ ሴቶቹ በመሠዊያው ፊት ያለብሱሻል። ስትሞቺም እነሱው አልብሰው ይሸኙሻል። ይቺ የእህቴ ናት። በወረርሽኙ ሁለተኛ ማዕበል ሞተች። ሕጉ ነው ተብሎ በላስቲክ እንደታሸገች ተቀበረች፤ አንዳችንም አልነካናት። ሸሚዟ ቤት ቀረች። ያመጣኋት በስብሰባው መሀል ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው።"

ከዚያ ሰላም ያወለቀቻትን ሸሚዝ ተቀብለው ጎኗን ዳሰሱ። "የቀረው የት አለ፣ ቡቲ?"

ቡቲ ወንድሜ ማለት ነው። በሌላ ስም ቢጠሩኝ ይሻለኝ ነበር። "ቆረጥኩት፣ ማማ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ቁራጩ እስኪመለስ ታሪካችንን አትጫወቱም።" ሸሚዟን ለኔው መልሰው ሄዱ።

ብርሃኔ ግድግዳ ተደግፎ "መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። እኔም እንደዚያው። ልብስ አይቀደስም እየተባልን ያደግን የደቡብ ጴንጤዎች ነን፤ ሁለታችንም ያየነው ጨርቁን ነው። አጠገቤ ጫማ የሚሸጠው ኦርቶዶክሱ ወዳጄ ስነግረው ሳቁን መያዝ አቃተው። "የቄስ ካባ ቆርጠህ ጣልክ በለኛ!" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር።

የስፌት ቤቴን ቁርጥራጭ አንዲት ሴት ለትራስ መሙያ ትወስዳለች፤ የዚያ ሳምንቱም ሄዷል። በማግስቱ አይቮሪ ፓርክ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ጆንያው ውስጥ የለም። ትራሶቿ ተሰፍተው አልቀዋል። ነገሩን ስነግራት መቀሷን አቀበለችኝና ራሷም አንዱን መፍታት ጀመረች። አንደኛው ቁራጭ ሁለተኛው ትራስ ውስጥ፣ ሌላኛው አምስተኛው ውስጥ ተገኘ። አምስቱንም መልሼ ሰፋሁላት።

ሸሚዟን በመኪና አልነካኋትም፤ በእጄ ነው የገጠምኳት። ማ ቶኮ ቤት ወስጄ ስሰጣቸው ገልብጠው ውስጧን አዩ።

"ስፌቱ ይታያል" አሉ።

"ይታያል፣ ማማ። ከዚህ በላይ አልችልም።"

ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱና "ቅዳሜ ለትርኢቱ ይዣት እመጣለሁ" አሉኝ።

መጡ፤ ብቻቸውን አልነበሩም። ከሃምሳው ወንበር አሥራ ሁለቱን የያዙት ሸሚዛቸውን የለበሱ የማኅበሩ ሴቶች ናቸው። ሰላም በቤት ሠራተኛ ሽርጥ ተጫወተች። በስብሰባው ትዕይንት ሸሚዟን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ጎን ገባሁ።

ያን ጊዜ ሴቶቹ ከተመልካች መሀል ተነሥተው መዘመር ጀመሩ። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ብርሃኔ ያስቁማቸው አያስቁማቸው ጨንቆት አየኝ፤ ተዋቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እየዘመሩ አንድ በአንድ ወጥተው፣ ተራራቁ የሚለውን መመሪያ ሳይረሱ፣ ወንበሩን በእጃቸው እየነኩ ተመለሱ። መጨረሻ የነኩት ማ ቶኮ ናቸው። የእህታቸው ቀብር ያን ቀን ተፈጸመ። አለቀስኩ፤ ማስኩ ረዳኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ያስተማሩኝን ሙያ እስከ ዛሬ እበላበታለሁ። ነገር ግን አሁን ልብስ ስረከብ፣ ሜትሩን ከማውጣቴ በፊት የማን እንደነበር እጠይቃለሁ። መቀሱ ከዚያ በኋላ ነው።