በአሜን የገባው አንቀጽ

እኔ ረጅም ሕግ አልወድም። በወረዳ የሕግ ባለሙያነቴ እጄ ላይ የወደቀ ረቂቅ ሁሉ ከስቶ ነው የሚወጣው። ያ የጫካ ልውውጥ ደንብ ሲመጣም ደስ ያለኝ አጭር ስለነበረ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ያለው የመንግሥት የጥድ ጫካ ለከተማው አስተዳደር ይሰጣል፣ ከተማው ደግሞ በለውጡ ራቅ ብሎ ያለውን ራቁት ተራራውን ለመንግሥት ያስረክባል። ከተማው ጫካውን የእንግዳ መናፈሻ ያደርገዋል፣ መንግሥት ተራራው ላይ ችግኝ ይተክላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ክልሉ ከማጽደቁ በፊት ሕዝቡ ይወያይበት ስላለ፣ ረቂቁን ይዘን ሕዝብ ፊት የምንቀርበው እኔና የቢሮዬ ኃላፊ ነበርን።

ሁሉም ከሚባለው ውስጥ አክስቴ የለችበትም። አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት ላም ናት። ቅቤዋን ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች፣ በዚያው ትኖራለች። ላሟ በጋውን የምትሻገረው በዚያ ጫካ ሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ዘበኞቹ ከልክለው ያቆዩትን ጫካ ይከፍታሉ፣ የአካባቢው ሰው ማጭዱን ይዞ ይገባል፣ ሣሩን ተሸክሞ ይወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ የትም ግን አልተጻፈም። ረቂቁ ደግሞ ጫካው «ከማንኛውም ሦስተኛ ወገን ጥያቄ ነፃ ሆኖ» ይተላለፋል ይላል። አክስቴ ሦስተኛ ወገን ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሷ መሆኗን ነገርኳት። በዚህ ዕድሜዋ ላሟን ሸጣ የሰው እጅ ከምታይ ሞት እንደሚሻላት ነገረችኝ። አክስቴ በእንዲህ ያለ ነገር አትቀልድም።

ለኃላፊዬ ነገርኩት። የሣሩን ነገር የሚጠብቅ አንድ አንቀጽ እንጨምር አልኩት፤ እኔ፣ አንቀጽ ቀናሹ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ግን የልውውጡ የዋጋ ግምት የተሠራው ጫካው ከማንም ንክኪ ነፃ ነው ተብሎ ነው፤ ሣሩን ካስገባን ከተማው ግምቱ ይከለስልኝ ይላል፣ ነገሩም እንደገና ይጓተታል ብሎ እምቢ አለኝ። በዚያ ላይ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ስለነበር ልቡ ያለው ቤቱ ነው። በየመሀሉ ስልኩን ያያል።

የውይይቱ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ከጋሸና የመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ እንኳ ዝናብ ሽሽት ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ኃላፊዬ ረቂቁን አነበበ። የከተማው ተወካይ ስለ መናፈሻው አበባና አግዳሚ ወንበር እስኪበቃው አወራ። አክስቴ ከመጀመሪያው ጀምራ እጇን እንዳወጣች ናት። አንዱ ተነስቶ ስለ መብራት መጥፋት፣ ሌላው ስለ ቧንቧ ውኃ ጠየቀ፤ የእኛ ስብሰባ እንዲህ ነው፣ ለጫካ ተጠርተን ውኃ እንጠይቃለን። ሰዓቱ አለቀ። አክስቴ እጇን አላወረደችም። ኃላፊዬ እንዲሁ ሊያሰናብታት አፈረ መሰለኝ፣ ወደ እሷ ዞረ።

«እማማ፣ ጊዜው አልቆብናል። እስቲ እርስዎ ይመርቁንና እንዝጋው።»

እኛ አገር ሳይመረቅ የሚዘጋ ስብሰባ የለም፤ ሲመረቅም የማይነሳ ሰው የለም። ሁላችንም ብድግ ብለን እጃችንን ዘረጋን። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። ዝናቡን የምሕረት ያድርገው አለች፤ አሜን አልን። አዝመራውን ከበረዶ ይጠብቀው፤ አሜን። በሩ አጠገብ ያሉት ነጋዴም አሚን ይላሉ። ከዚያ ኃላፊዬን አየችው።

«ልጄ፣ ሚስትህን ማርያም በሽልም ታውጣልህ።»

የእሱ አሜን ከሁሉም በላይ ተሰማ። ዓይኑን ጨፍኗል። እሷ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ቀጠለች።

«የከተማውም ሰው መናፈሻው ይስመርለት፤ ጫካው በማንም እጅ ቢገባ ሣር አጫጁ አይከልከል፤ የድሃ ላም አትሸጥ።»

አዳራሹ በአሜን ተነቃነቀ። ኃላፊዬ አሜን ብሏል። የከተማው ተወካይም ከፊት ወንበር ሁለት እጁን እንደዘረጋ አሜን ብሏል። ምን እንዳሉ የገባቸው እጃቸውን ካጠፉ በኋላ ነው። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

ቢሮ ስንመለስ ተወካዩም አብሮን መጣ። ምርቃት ምርቃት ነው፣ ውሳኔ አይደለም አለ። ቢከፋኝም በሕግ ልክ ነህ አልኩት፤ ልክ ነዋ። ኃላፊዬ ረቂቁን ፊቱ አድርጎ እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ስልኩን አየ።

«በአንድ ትንፋሽ እኮ ነው የመረቁን» አለ በመጨረሻ። «የሣሩን አሜን ከሰረዝኩ፣ የሚስቴን ምን ብዬ አጸናዋለሁ?»

ተወካዩ ቦርሳውን አነሳ። እሱም የላስታ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ምጥ እየጠበቀች ያለችበትን ሰው አሜንህን መልስ የሚል አንጀት ከየት ያመጣል? የግምቱን ነገር ማንም ሳያነሳ ተለያየን። አንቀጹን እኔው ጻፍኩት፣ አንድም ቃል አልቀነስኩለትም።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። ደንቡም ክረምቱ ሲወጣ ከክልል ጸድቆ መጣ። ይዤው አክስቴ ዘንድ ስሄድ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማጭዷን እየሳለች ነበር፤ ጫካው ሊከፈት ነው። አንብብልኝ አለች። ከመግቢያው ስጀምርላት የእኔን ብቻ ብላ አቋረጠችኝ። አነበብኩላት።

«ጫካው ከተላለፈ በኋላም የአካባቢው ነዋሪ እንደ ቀድሞው ሣር አጭዶ የመውሰድ መብቱ የተጠበቀ ነው።»

ያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ መራቂዋ እሷ ነበረች፤ መራቂ ደግሞ ለራሱ ምርቃት አሜን አይልም። አሁን ማጭዷን መሬት አስቀመጠች፣ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳችና ሁለት እጇን ወደ ወረቀቴ ዘረጋች።

«አሜን» አለች።