የእትዬ ውባለም ባዶ ማተብ

እትዬ ውባለም ከወልድያ ሲሳፈሩ ለጎረቤት «ልጄ ናፍቃኝ ነው» አሉ። ውሸት አልነበረም። ሆዳቸው የያዘው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የብር መስቀላቸው።

መስቀሉን በትውልድ ቀያቸው ጉባ ላፍቶ፣ በሰርጋቸው ዕለት አንገታቸው ላይ ያሰሩላቸው እናታቸው ነበሩ። አንድ ክንዱ የተሸረፈ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእትዬ ውባለም ጡት ደርቆ ሕፃን ልጃቸው ማህሌት ስታለቅስ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ነጋዴ በማሽላ ለወጡት። ነጋዴው ከረጢቱ ውስጥ ሲከተው የአንገታቸው ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማተባቸው ባዶውን ነው። ሌላ እንግዛልሽ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የሚሊኒየሙ ክረምት ላይ ታዲያ መምህር ወርቁ የሚባሉ ጎረቤታቸው «አዲስ አበባ ሙዚየም ውስጥ የወሎ ሴቶችን መስቀል መስታወት ውስጥ አየሁ» ብለው የቆየውን ቁስል ነካኩት። መስከረም ሲጠባ እትዬ ውባለም ከመርሳ ፓፓያ ሸምተው ልጃቸው ዘንድ ደረሱ።

ማህሌት ከምትሠራበት ልብስ ቤት አስፈቅዳ፣ ጠዋት ቂንጬ አብልታቸው ወጡ። መጀመሪያ አንበሳ ግቢ ገብተው አንበሶቹን አዩ። አንበሶቹ ተኝተዋል።

«እነዚህማ ከእኛ አገር ጅብ ይሰንፋሉ» ብለው እትዬ ውባለም ሳቁ።

ሙዚየሙ በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ መቃኑን ተሳለሙ። በበሩ በኩል ውስጥ ግድግዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሲያዩ ግን ክው አሉ።

«በልቻለሁ እኮ ማህሌቴ! እህል ቀምሼ እንዴት እገባለሁ?»

«እማዬ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

«መስታወት ውስጥ ስለገባ መስቀልነቱን ተወ?»

ዘበኛው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ማህሌት ለመነች። ነገ ማለዳ የመመለሻ አውቶቡስ አለ፤ ሌላ ቀን የለም። እትዬ ውባለም ንቅንቅ አላሉም።

«አንቺ ግቢና እይልኝ። የተሸረፈውን ፈልጊ።»

«እኔም በልቻለሁ እኮ!»

«አንቺ የከተማ ሰው ነሽ፤ አምላክም ለምዶሻል።»

ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እናታቸው ክሩን ሲቋጥሩ አንገታቸውን ያሳከካቸው ትዝ አላቸው። እናታቸውም፣ ያ ሰርግም፣ ያ ወጣትነትም ናፈቋቸው።

ማህሌት እግሯን እየጎተተች ተመለሰች። «አገኘሁት» ልትል ከጅሏት ነበር። አልቻለችም።

«ሁሉንም አየሁ እማዬ። የተሸረፈ የለም።»

እናቷ የሚያለቅሱ መስሏት አቀፈቻቸው። እትዬ ውባለም ግን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ተመስገን! መስታወት ውስጥ አልታሰረም በይኛ! አንዲት ሴት አንገት ላይ ነው ያለው። እሷም ለልጇ ታስርላታለች።»

ጫማቸውን አደረጉ። ጥቂት እንደሄዱ ባዶ ማተባቸውን በጣታቸው ዳበሱና ቆሙ።

«በይ እንግዲህ፣ ቦታውን አልጠብቅለትም» አሉ። «መስቀል ግዢልኝ።»